የታመመውን ማን አጠጣው?

ፕሮፌሰሩ በሰባ አንድ ዓመታቸው አንድም ቀን አረፍ ሲሉ ታይተው ስለማያውቁ፣ በዚያ እሁድ ጠዋት ከላቦራቶሪያቸው የእርሳስ ግድግዳ ጀርባ በጎናቸው ተጋድመው ሲገኙ ላገኛቸው ሰው መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ «ኬብል እየፈለጉ ነው» የሚል ነበር። መነጽራቸው ከአፍንጫቸው አልወረደም። በእጃቸው የያዙት ባትሪ ቦግ ብሎ እየበራ ነው። የጠፉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ ደረሰች። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ወንፊት» ይሏታል። አንድ ሌባ እሷ ፊት ቀርቦ የሰረቀውን ከመለሰ፣ ገና ሊሰርቅ ያሰበውንም ከተናዘዘ በኋላ፣ ቤቱ ገብቶ የገዛ ራሱን ብርድ ልብስ ያለ ደረሰኝ መልበስ ፈራ ይባላል። እሷ ስትጠየቅ «ግማሹ ውሸት ነው» ትላለች፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን ተናግራ አታውቅም።

ሳጅኑ በሩ ላይ ደረቱን ነፍቶ ተቀበላት።

«ደህና መጡ እመቤቴ! ጉዳዩ አልቋል። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው።»

«ካለቀማ እሁዴን ለምን በላችሁብኝ?»

ሳጅኑ ከአንድ ሰዓት በፊት የተማረውን ሁሉ፣ የአባቱን ርስት እንደሚያስጎበኝ ሰው እያሳየ ወደ ታች ይዟት ወረደ። አምስት ደረጃ ወርደው ከአንድ የጭነት መኪና ሆድ የማይሰፋ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል ገቡ። ግድግዳው እርሳስና ሲሚንቶ ነው፤ ውፍረቱ ባልና ሚስት በአንዱ በኩል ተጣልተው ቢፋቱ በሌላኛው በኩል አሁንም እንደተፋቀሩ የሚታሰብበት ዓይነት ነው። መሐሉ ላይ ከሳንቲም የማትበልጥ ብረት ተሰቅላለች። በዙሪያዋ አራት ዲቴክተሮች አፍንጫቸውን ደቅነውባታል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ።

«እነዚህ ከብረቷ ተመልሶ የሚመጣውን ጋማ ጨረር ይቆጥራሉ» አለ ሳጅኑ። «ካልቀዘቀዙ አይሠሩም። ስለዚህ በየቀኑ ሆዳቸው ውስጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይጨመርላቸዋል። ጣትዎን ቢነክሩበት ጣትዎን ለመሰናበት ጊዜ አይሰጥዎትም።»

«መርዝ ነው?»

«አይደለም፤ አሁንም እየተነፈስነው ነው። ግን ፈሳሹ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲፈስ ወደ ጋዝ ይለወጥና ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣዋል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ሰውየው መሞቱን የሚያውቀው ከሞተ በኋላ ነው።»

ወንፊት ዙሪያውን አየች። ግድግዳው ላይ ኦክስጅን ሲቀንስ የሚጮኸው መሣሪያ አለ፤ ሶኬቱ ተነቅሏል። የአየር ማራገቢያው ጠፍቷል፤ ማብሪያው ወደ ታች ነው። የናይትሮጅኑ ጎማ ከውጭ ካለው ትልቅ ጋን ተነሥቶ በበሩ ገብቶ መሬት ላይ እንደ እባብ ተጋድሟል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ዲቴክተሮቹን አንድ በአንድ መረመረቻቸው። ሦስቱ አንገታቸው ላይ ሳሳ ያለ ነጭ አመዳይ አለ። ላይኛው ላይ ያለው ግን ጣት ያህል ይወፍራል።

«ማራገቢያውን ከፍቶ፣ ማስጠንቀቂያውን ሰክቶ፣ ናይትሮጅኑን ማጠጣት የማን ሥራ ነው?»

«የቴክኒሻኑ! ‹በረዶ› ይሉታል። ሰውየው ጠዋት መጣ፣ ሥራውን በግዴለሽነት ሠራ፣ ጋዙ ሽማግሌውን ጨረሳቸው። ደንግጦ ሸሸ። ከዚያ ሦስት ሰዓት ላይ ተመልሶ ‹ሞተው አገኘኋቸው› ብሎ ጮኸ። ሐኪሙ የሞቱት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ነው ብሏል። አሥር ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

«በረኛው ምን አለ?»

«እሱን እርስዎው ይጠይቁት» አለ ሳጅኑ፣ ጥርሱን ነክሶ።

በረኛው ዝሆን በዣንጥላ ቢያልፍ ዣንጥላውን ብቻ የሚያስታውስ ሽማግሌ ነበር።

«አባቴ፣ ዛሬ ጠዋት ማን ገባ?»

«የገባው ገብቷል ልጄ።»

«ሰዓቱስ?»

«ራሳቸው የነገሩኝን ጻፍኩ። ሰው በጠዋት ምን ያዋሸዋል?»

መዝገቡ ላይ ፕሮፌሰሩና ምክትላቸው አንድ ሰዓት፣ ተመራማሪዋ ሁለት ሰዓት፣ ቴክኒሻኑ ሦስት ሰዓት ይላል። ከኋላ ደግሞ ናይትሮጅን የሚያመጣው መኪና የሚገባበት በር አለ፤ ቁልፉ ያለው በረዶ ዘንድ ነው። ወንፊት መዝገቡን ከደነችው። እዚህ ቤት ውስጥ የምታምነው ነገር ደረጃው ብቻ ነበር፤ እሱንም ወርዳ ስላየችው።

*

በረዶ ሃምሳ አምስት ዓመት አልፎታል። ስሙ በረዶ ይሁን እንጂ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ሁለት እጁ በካቴና ታስሮ የጽዳት ዕቃ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ባልዲ ላይ ተቀምጧል።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አለ ሳትጠይቀው። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ማስጠንቀቂያ ነቅዬ አላውቅም። እናቴ ስትሞት እንኳ አጠጥቼ ነው የሄድኩት።»

«ዛሬስ አጠጡ?»

«አላጠጣሁም! ስመጣ ጠግበው አገኘኋቸው። ጎማው መሬት ላይ ነው፣ እሳቸው መሬት ላይ ናቸው።»

«ታዲያ ማን አጠጣቸው?»

«እሱን ባውቅ ባልዲ ላይ እቀመጣለሁ?»

«ጓንት ያለው ማን ነው?»

«እኔ ብቻ። ሣጥኔ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እባክዎ፣ እኔን ይውሰዱኝ። ግን ለነገ ጠዋት ሦስቱን የሚያጠጣልኝ ሰው ይፈልጉልኝ። ያለ መጠጥ ቀን ከሌት አይዘልቁም።»

«ሦስት? እኔ አራት ነው የቆጠርኩት።»

«ላይኛው ታሟል። ዓርብ ዕለት ገመዱን ነቅለን እንዲሞቅ ተውነው። አምስት ቀን ደረቁን ሰንብቶ ውስጡ ያለው አየር ይመጠጥለታል። ቀዶ ጥገና እንደሚጠብቅ በሽተኛ ነው፤ ጠብታ አይቀምስም። አሁን ቢጠጣ ይበላሻል።»

«መታመሙን የሚናገር ወረቀት ለምን አልለጠፋችሁበትም?»

«ለማን? እኔ አውቃለሁ፣ ፕሮፌሰሩ ያውቃሉ፣ የእህቴ ልጅ ታውቃለች። እዚያ ጉድጓድ የሚገባ ሌላ ማን አለ?»

ወንፊት ማስታወሻዋን ዘጋች። ስለ ወፍራሙ አመዳይ ትንፍሽ አላለችም።

*

የእህቱ ልጅ ተመራማሪዋ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። አጎቷ አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ እዚሁ ላቦራቶሪ አስገብቷታል። ዓይኗ ቀልቷል። ወንፊት ግን የቀላ ዓይን አታምንም፤ ሽንኩርትም ያቀላዋል።

«ዓርብ ከፕሮፌሰሩ ጋር ተጣልተሻል። ‹ገደሉኝ› ብለሽ ስትጮኺ በረኛው ሰምቷል።»

«በረኛው ይሰማል እንዴ?» ልጅቷ በእንባዋ መሐል ልትስቅ ቃጣት። «አዎ፣ ጮኼአለሁ።»

«ለምን?»

«ከባዱን ልንገርዎት ወይስ ቀላሉን?»

«እኔ ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማርኩ ሰው ነኝ። ቀላሉን።»

ተመራማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ካለው ዕቃ መቀስ አነሣች። «ያቺ ብረት ውስጥ ያለው የአቶም አስኳል ጋማ ጨረር ሲመታው ይወዛወዛል። ውዝዋዜው ብዙ ዓይነት ነው። የእኛ ምክትል ኃላፊ ከሦስት ዓመት በፊት ‹ይህ አስኳል እንደ መቀስ ይወዛወዛል፤ ፕሮቶኖቹ አንድ ምላጭ፣ ኒውትሮኖቹ ሌላ ምላጭ› ብለው ጻፉ።» መቀሱን ከፈት ከደን አደረገችው። «በዚያ ጽሑፍ ስማቸው ገነነ። የእኔም የዶክትሬት ሥራ እሱ ላይ ነው የቆመው።»

«በምን አወቁት?»

«በአቅጣጫው። የእኛ ጨረር አግድም ነው የሚርገበገበው። ውዝዋዜው ኤሌክትሪካዊ ከሆነ ተመልሶ የሚወጣው ጨረር ወደ ላይና ወደ ታች ይበዛል። እንደ መቀሱ ማግኔታዊ ከሆነ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይበዛል። ግራና ቀኝ ስለበዛ መቀስ ነው አልን።»

«እና?»

«እና ዓርብ አጎቴ ላይኛው ታሟል ሲል ገመዱን እኔ ራሴ ነቀልኩ። ስክሪኑ ላይ ‹ላይ› የሚለው መጥፋት ሲገባው ‹ግራ› የሚለው ጠፋ።»

ወንፊት እንኳ ቅንድቧን አነሣች።

«ኬብሎቹ በጥማድ በጥማድ ነው የታሰሩት። ሁለቱ ጥማዶች ተለዋውጠው ሦስት ዓመት ሙሉ ላይና ታችን ግራና ቀኝ ስንል ኖረናል። መቀስ የሚባል ነገር የለም። ፕሮፌሰሩ ‹ሐሙስ ለሁሉም እናገራለሁ› አሉ። እኔ ጮኽኩ። ሦስት ዓመቴ ገደል ገባ። ቅዳሜ ግን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ‹ልጄ፣ ከውሸት ዶክተር የእውነት ተማሪ ይሻላል› አሉኝ።»

«ይህን የሰማ ሌላ ሰው አለ?»

«የለም።»

ለገዳይ የሚበቃ ምክንያት ነበራት፤ መደወሏን የሚመሰክርላት ደግሞ ሟቹ ብቻ። ወንፊት ማስታወሻዋ ላይ አንድ መስመር ጻፈችና ሰረዘችው፤ ከዚያ መሰረዟን ተጠራጠረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዲቴክተሮቹ ሲጠጡ እናንተ ስክሪን ላይ ይታወቃል?»

ልጅቷ ቀና አለች። «ይታወቃል። ናይትሮጅኑ ሲንተከተክ ዲቴክተሩን ያንቀጠቅጠዋል። ጨረር ባይኖርም ከግድግዳው ሲሚንቶ የሚወጣ ትንሽ ጋማ ሁልጊዜ እንቆጥራለን፤ ቀጭን መስመር ነው። በማጠጣት ጊዜ መስመሩ ይወፍራል። ፕሮፌሰሩ ቆጠራ አይቆምም ስለሚሉ የዛሬውም ተመዝግቧል።»

አብረው አዩት። ገመዱ የተነቀለው ዲቴክተር መስመር የለውም። ከሌሎቹ አንዱ ከአንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ወፈረ። ሁለተኛው ልክ ሁለት ሰዓት ላይ። ከዚያ ለሠላሳ አምስት ደቂቃ ምንም የለም። ሦስተኛው ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ወፈረ።

«አንዱን ለማጠጣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ስምንት ቢበዛ።»

«ታዲያ በመሐሉ ሰውየው ምን ይሠራ ነበር?»

«እንጃ። ምናልባት አረፍ ብሎ ይሆናል።»

«አስከሬን አጠገብ የሚያርፍ ሰው» አለች ወንፊት፣ «ወይ ቀባሪ ነው ወይ…» ሐሳቧን አልጨረሰችውም።

*

የምክትል ኃላፊው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ የተላጨ፣ ንግግሩም የተላጨ። ወንበር ስቦ አስቀመጣት፣ ሻይ ቀዳላት፣ ስኳሩን ጠየቃት። የቀኝ እጁ መዳፍ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ምን አገኘዎት?»

«ይኸው ሻይ ነዋ! ዛሬ ጠዋት ከፈላ ማንቆርቆሪያ ጋር ተጣላሁ።» ፈገግ አለ፤ ወዲያው ሐዘኑን አስታውሶ ፈገግታውን ሰበሰበ። «እሳቸው ለእኔ አባቴ ነበሩ።»

«መቼ ነው ያገኟቸው ለመጨረሻ ጊዜ?»

«ሁለት ሳምንት ውጭ ለስብሰባ ሄጄ ነበር። የተመለስኩት ትናንት ከሰዓት ነው። ዛሬ አንድ ሰዓት ገብቼ እስከ ሦስት ሰዓት እዚሁ ስጽፍ ነበር። ጩኸት ስሰማ ወረድኩ።»

«በረዶን እንዴት ያዩታል?»

ምክትሉ ተነፈሰ። «ደግ ሰው ነው። በእሱ ላይ መመስከር አልፈልግም። ግን ሥራው እኮ ቀልድ አይደለም። አራት ዲቴክተር እንደ አራት ጡት ጠቢ ሕፃን በየዕለቱ ማጠጣት፣ አንዱም እንዳይቀር መጠንቀቅ… ሰው ይደክመዋል፣ ይዘነጋል። ምስኪን!»

«እርስዎ ማጠጣት ይችሉበታል?»

«ድሮ። ጎማውን ከነካሁ አሥር ዓመት ይሆነኛል።» ወደ በሩ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ያቺን ልጅ ግን… ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም። ከፕሮፌሰሩ ጋር የነበራት ጠብ ቀላል አልነበረም አሉኝ። አጎቷ እየሸፈናት ቢሆንስ?»

«ጠቡ በምን ነበር አሉዎት?»

«እንጃ… የጥናት ነገር ይሆናል።»

ወንፊት ሻዩን ሳትቀምስ ተነሣች። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ሰው የሚወነጅል ሰው አንድ ሰው ለማዳን እንደሚጥር ታውቃለች፤ ማንን እንደሆነ ብቻ ነው የሚያጠራጥረው።

የሟቹ ባለቤት በፕሮፌሰሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው የእሳቸውን ባርኔጣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር።

«እማማ፣ ፕሮፌሰሩ ትናንት ለሰው ስልክ ደውለው ነበር?»

«ደውሏል። ጀምበር ስትጠልቅ። ‹ልጄ፣ ኬብሎቹ ተለዋውጠዋል። ሐሙስ እናገረዋለሁ። ነገ በአንድ ሰዓት ና፣ በዓይንህ ላሳይህ› ሲል ሰማሁት።»

«‹ና› ነው ያሉት? ‹ነይ› አይደለም?»

«ና ነው ያለው። ለወንድ ነው።»

«የትኛው ወንድ?»

አሮጊቷ ባርኔጣውን አገላበጡት። «እሱ ሁሉንም ልጄ ነው የሚለው እኮ። በረኛውን እንኳ ልጄ ይለዋል፤ በረኛው በሦስት ዓመት ይበልጠዋል።»

*

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በመቆጣጠሪያው ክፍል ተሰበሰቡ። በረዶ ከነካቴናው ጥግ ላይ ቆሟል። የእህቱ ልጅ ክንዱን ይዛለች። ባልቴቷ ከነባርኔጣው ተቀምጠዋል። ምክትሉ ግድግዳ ተደግፎ በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን በሌላኛው እጁ አቅፎታል። በረኛው ማንም ሳይጠራው መጥቷል። ሳጅኑ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«መኪናው ሠላሳ ደቂቃ ቀርቶታል» አለ።

«ይበቃኛል» አለች ወንፊት። «መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልመልስ፤ ይህ አደጋ ነው ወይስ ግድያ?»

«አደጋ!» አለ ሳጅኑ።

«እንደዚያ ነበር የተዘጋጀልን። ማራገቢያ የተዘጋ፣ ማስጠንቀቂያ የተነቀለ፣ ጎማ መሬት ላይ፣ ዲቴክተሮቹ የጠገቡ። ግዴለሽ ቴክኒሻን ሲያጠጣ ጋዝ ፈሰሰ፣ ሽማግሌው ሞቱ። ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ነው። የተረፈው ደግሞ አንድ ነገር ነው።» ወደ በረዶ ዞረች። «እዚያ ታች ስንቱ ነው የጠገበው?»

«ሦስቱ።»

«አራቱም ናቸው። ላይኛው አንገት ላይ ጣት ያህል አመዳይ አለ።»

«ምን?!» በረዶ ካቴናውን ረስቶ ወደ በሩ ተንደረደረ፤ ሳጅኑ በቀበቶው ጎትቶ መለሰው። «የታመመውን? የታመመውን ማን አጠጣው? በሦስት ቀን ያሞቅኩትን!»

«ይኸው ነው የእኔም ጥያቄ» አለች ወንፊት። «የሞቀ ዲቴክተር ሲያጠጡት ወዲያው አይጠግብም። ይፍለቀለቃል፣ ያፈሳል፣ እንደገና ይጠይቃል። ልጅቷ ያሳየችኝ መዝገብ ላይ በሁለተኛውና በሦስተኛው መሐል ሠላሳ አምስት ደቂቃ ጠፍቷል። ያኔ የሚጠጣው በሽተኛው ነበር፤ ገመዱ ስለተነቀለ ስክሪን ላይ አልታየም። ስለዚህ በአንድ ዙር፣ በአንድ እጅ፣ አራቱም ጠጡ።»

ምክትሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ ኢንስፔክተር። በረዶ ራሱ ሆን ብሎ አጠጥቶት ቢሆንስ? እንዲህ እንዲባልለት?»

«አስቤዋለሁ። እንዲህ እንዲባልለት ያደረገ ሰው ግን በመጀመሪያው አፉ ‹የታመመውን አጠጥተውታል› ብሎ ይጮኻል። ይህ ሰው ግን ያለኝ ‹ሦስቱን የሚያጠጣ ፈልጉልኝ› ነው። አራተኛው መጠጣቱን እስካሁን አላወቀም ነበር። አይታችሁታል፤ ካቴናውን ይዞ ሊሮጥ ነበር።»

«ልጅቷስ?»

«ገመዱን የነቀለችው እሷ ናት። ደግሞ ስልኩ ‹ና› ነው ያለው።»

ወንፊት ወንበር ስባ ከምክትሉ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አሁን ወደ ሟቹ እንምጣ። ፕሮፌሰሩ ላይኛው መታመሙን ያውቃሉ። እሳቸው በሕይወት እያሉ፣ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሰው ጎማውን ወደ ላይኛው ሲያነሣ ቢያዩ ምን ይላሉ?»

«ተው ይላሉ!» አለ በረዶ። «ይጮኻሉ እንጂ!»

«ለሠላሳ አምስት ደቂቃ ዝም አይሉም። ስለዚህ ማጠጣቱ ሲጀመር ፕሮፌሰሩ ሞተዋል። ማጠጣት አልገደላቸውም ማለት ነው። መጀመሪያ ተገደሉ፤ ከዚያ በአስከሬናቸው ላይ ተራምዶ አደጋ ለማስመሰል አንድ ሰው አጠጣ። ያ ሰው ማጠጣት ያውቃል። አራቱም ጤነኛ ናቸው ብሎ ያምናል። ዓርብ እዚህ አልነበረም። መታመሙን ሊነግርህ የሚችለው ብቸኛ ሰው ደግሞ እግርህ ሥር ተጋድሞ ነበር፣ ዶክተር።»

«እርስዎ» ማለቷን መተዋን ሁሉም ሰማ።

«ይህ… ይህ ግምት ነው» አለ ምክትሉ።

«አራት ሕፃን አልከኝ። ‹አንዱም እንዳይቀር›። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጓንቱ ደግሞ በረዶ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ፋሻውን ፍታው።»

«ሻይ ነው አልኩዎት!»

«ሻይ ይፈስሳል፣ ይንጠባጠባል፣ የሄደበትን ያቃጥላል። የቀዘቀዘ ጎማ የጨበጠ ሰው ግን መዳፉ ላይ እንደ ቀለበት የተጋደመ አንድ መስመር ይኖረዋል። አንድ መስመር ካልሆነ እኔ ራሴ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ፣ ሳጅኑም ጫማህን ይጠርግልሃል።»

«እኔን ለምን ይጨምሩኛል?» አለ ሳጅኑ።

ምክትሉ ፋሻውን አልፈታም። ያለመፍታቱ ከመፍታቱ ይበልጥ ተናገረ። ባልቴቷ ባርኔጣውን ከጉልበታቸው አንሥተው ደረታቸው ላይ ያዙት።

«አንተን ነበር የጠራህ?» አሉ። «አንተን ነበር ልጄ ያለው?»

ያን ጊዜ ሰውየው ግድግዳውን ታክኮ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«በሚመጣው ወር ለመቀሱ ሽልማት ይሰጡኛል። ይህን ላቦራቶሪ የምረከበውም በዚያው ነበር» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «አንድ ወር እንዲታገሱኝ ለመንኳቸው። አንድ ወር ብቻ! ‹ና ራስህ እየው› ብለው ኬብሉን ሊያሳዩኝ ዲቴክተሮቹ ሥር ጎንበስ ብለው ገቡ። ጀርባቸውን ሰጡኝ። ማስጠንቀቂያውን ነቅዬ፣ ጎማውን አስገብቼ በሩን ገፋሁበት። ድምፅ እንኳ አላሰሙም። ማራገቢያውን ከፍቼ አየሩ ሲለወጥ አጠጣሁ፤ ስወጣ አጠፋሁት።» ቀና ብሎ ተመራማሪዋን አየ። «ሦስት ዓመት ሙሉ እኮ እውነት ነበር። አንቺም አምነሽው ነበር።»

«አምኜው ነበር» አለች ልጅቷ። «ውሸት መሆኑ ሲታወቅ ግን ጥፋቱን ያየሁት ኬብሉ ላይ ነው፣ እሳቸው ላይ አይደለም።»

«ማስመሰሉ ይሁን» አለች ወንፊት፣ «ለምን አራቱንም በጥንቃቄ? አንዱን አጠጥተህ መሸሽ ትችል ነበር።»

ሰውየው ጥያቄው የገባው አይመስልም ነበር። «ደርቀው ይበላሻሉ እኮ!» አለ።

ሳጅኑ በሬ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንደማያይ ሲተረት ሰምቶ ያውቃል፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ሳሩን የሚያጠጣ በሬ ግን ዛሬ ገና ማየቱ ነው። ካቴናውን ከበረዶ እጅ ፈታና ወደ ግድግዳው ሄደ። ሲያስርም የተጠቀለለውን እጅ ላለመንካት ተጠነቀቀ።

መኪናው በሰዓቱ መጣ፤ ሌላ ሰው ይዞ ሄደ። በረኛው መዝገቡ ላይ የወጣበትን ሰዓት ሊጽፍ ምክትሉን «ስንት ልበልልዎት?» ብሎ ጠየቀው ይባላል።

በረዶ የእጅ አንጓውን እያሻሸ መሐል ክፍሉ ላይ ቆመ። የእህቱ ልጅ ትከሻው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች።

«አጎቴ፣ ሐሙስ ማን ይናገረዋል?»

«አንቺ ነሻ።»

«ከተናገርኩ ዶክትሬቴ የለም።»

«ዓርብ የጮኽሽው ዶክትሬቱ ስለ ጠፋብሽ ነው፣ አሁን ምን ቀረሽና ትፈሪያለሽ?» አላትና በእጁ ጀርባ ፊቷን ጠረገላት። ከዚያ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ሣጥኑን ከፈተ፤ ጓንቱን አወጣ።

«ወዴት ነው?» አለች ወንፊት። «አሁን እኮ ነው የተፈቱት። ቤትዎ ይግቡ።»

«ሦስቱ ዛሬ የጠጡት በሌላ እጅ ነው። ሞልተዋል አልሞሉም ሳላይ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። ላይኛውንም እንደገና ማሞቅ ልጀምር። እነሱ የእኔን መታሰር አያውቁ።»

አምስቱን ደረጃ ወረደ። ማስጠንቀቂያውን ሰካ፤ መሣሪያው አንዴ ጮኾ ዝም አለ። ማራገቢያውን ከፈተ፤ አጓራ። ሁሉም ነገር እንደ ደንቡ ነበር፣ ኢንስፔክተሯም ወደ ቤቷ መሄድ ትችል ነበር። እሷ ግን ተከትላው ወረደች፣ ከባዱን የእርሳስ በር እስከ መጨረሻው ከፈተችው፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተደገፈችው።

«በሩ እኮ በራሱ አይዘጋም» አላት በረዶ ከጎማው ጋር እየታገለ።

«ሥራዎን ይሥሩ» አለችው። ሦስተኛው እስኪጠግብም ከዚያ ንቅንቅ አላለችም።